የተለመደው ያህል

ሟቿ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነበረች።

መርማሪዋ በአስከሬን ማቆያው ክፍል አንሶላውን ስትገልጥ መጀመሪያ ያስደነገጣት ይህ ነው። ወጣት ሴት ናት፤ ትናንት ጠዋት በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላግላ ከሰዓት በኋላ ያረፈች። ከንፈሯ ነጥቷል፤ የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርገው ሲያዩት ቀለም የሚባል ነገር አልቀረውም። ደሙ ያለቀ ሰው ምን እንደሚመስል መርማሪዋ ጠንቅቃ ታውቃለች። ነገር ግን በገላዋም፣ በፋሻዋም፣ ከሥሯ በተነጠፈው ጨርቅም ላይ ይህ ነው የሚባል ደም የለም። አስከሬኑን የመረመረው ባለሙያ ሆዷ ውስጥም የተጠራቀመ ደም እንዳላገኘ፣ ስፌቱም አንድ እንከን እንደሌለው ነግሯታል።

«ታዲያ ደሙ የት ገባ?» አለች።

መርማሪዋ ብቻዋን ስትሆን ጮክ ብላ መናገር ከጀመረች ቆይታለች። እናቶች በወሊድ ሲሞቱ ምክንያቱን የሚያጣራ አንድ ቢሮ አለ፤ በቢሮው ውስጥ ያለችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ድሮ ራሷም የማህፀን ሐኪም ነበረች። በየሆስፒታሉ «ዶክተር ለምን» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ከኋላዋ ሲሉት ትሰማለች። አልከፋትም። ባሏ ካረፈ ወዲህ በስሟ የሚጠራት ሰው ስለጠፋ፣ የቅጽል ስምም ስም ነው ብላ ተቀብላዋለች።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ደረጃው ላይ ተቀበላት። ነገሮች ቶሎ እንዲያልቁለት የሚወድ ሰው ነው።

«ዶክተር፣ በከንቱ ደከሙ እንጂ ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት። «ጥፋተኛዋ የማገገሚያ ክፍል ነርሷ ናት። ነገ ከሥራ ትሰናበታለች፤ ጉዳዩም ለፖሊስ ይተላለፋል። ባልየውም አጥብቆ የጠየቀው ይህንኑ ነው።»

«ማስረጃችሁ ምንድን ነው?»

«ሐኪሙ በስልክ ‹ደም አላት ወይ?› ብሎ ቢጠይቃት ዓይኗን በጨው አጥባ ‹የለም› ብላዋለች። ይኸው፣ ሴትየዋ ደሟ አልቆ ሞተች! ደግሞም ማህፀን የሚያጠነክረው መድኃኒት ይንጠባጠብላት ነበር፤ ማስተላለፊያው ተዘግቶ ነው የተገኘው። ዘግታባታለች።»

«ለምን ትዘጋባታለች?»

«ያንን ፖሊስ ይጠይቃት» አለና ሰዓቱን አየ።

መርማሪዋ ግን ወደ ፖሊስ ሳይሆን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች።

ቀዶ ሐኪሙን ባልደረቦቹ «ፈጣኑ» ይሉታል። ሲራመድም፣ ሲናገርም፣ ሲሰፋም ፈጣን ነው። ዛሬ ግን ወንበሩ ላይ ተደፍቶ እጁን እጁን እያየ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት በዚህ ጉዳይ ላይ ነው» አላት። «በቀዶ ጥገና የምትወልድ እናት ደሟ እንዳይፈስ። ቢላ ከመንካቴ በፊት ደም የሚያረጋ መድኃኒት በደም ሥሯ እንዲሰጣት አደርጋለሁ። ሕፃኑ እንደወጣ ኦክሲቶሲን ይጀመርላታል፤ ማህፀኗ እንዲኮማተር። የእንግዴ ልጁን በእጄ ቧጥጬ አላወጣም፤ ራሱ እስኪላቀቅ ታግሼ ገመዱን ቀስ ብዬ ነው የምስበው።»

«አንተ? ትዕግሥት?» አለች መርማሪዋ።

ሳይፈልግ ፈገግ አለ። «እዚያ ላይ ብቻ። ከዚያም ደሙን በዓይን አንገምትም፤ የተመጠጠው ይለካል፣ ጨርቁ ሁሉ ይመዘናል። የእሷም ተመዝኗል። ከተለመደው በታች ነበር። እኔ ጨርሼ ስወጣ ደኅና ነበረች፣ ዶክተር።»

«ነርሷ ስትደውልልህስ?»

«የልብ ምቷ ፈጥኗል አለችኝ። ደም አላት ወይ አልኳት። አይታ መጥታ ‹የለም፣ ደረቅ ነው› አለችኝ። ደም ከሌለ እንግዲህ የቁስሉ ሕመም ነው ብዬ ማስታገሻ አዘዝኩ። ሌላ ቀዶ ጥገና ላይ ነበርኩ።»

«አልወረድክም።»

«አልወረድኩም» አለ። «የእኔ እናቶች አይደሙም ብዬ አምኜ ነበር።»

መርማሪዋ አላጽናናችውም። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል አለፈችና ማደንዘዣ ሰጪውን አገኘቻቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ ድምፃቸው ራሱ የሚያስተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህም ሆነ በሥራቸው ምክንያት ሁሉም «አባባ እንቅልፍ» ይሏቸዋል።

«አባባ፣ ከዚህ ክፍል ስትወጣ ያስረከቧት እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ። አጽድቼ።»

«አጽድቼ ሲሉ?»

«የቤቱ ደንብ ነው። እትዬ አንሶላን አላገኘሻትም መሰለኝ፤ ዋና አዋላጇን። እናት ቆሽሻ ከእጅ ወደ እጅ አትተላለፍም ብላ ደንግጋለች። ሰጪው አጽድቶ፣ ከሥሯ ያለውን ጨርቅ ቀይሮ ነው የሚሰጠው። ሐኪሙ ሚዛኑን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ልጅቷን ወደ ተሽከርካሪ አልጋው ሳዛውራት ጨርቋ ረጥቦ አገኘሁት። ቀይሬ ላክኋት።»

«ምን ያህል ረጥቦ?»

«ኧረ፣ የተለመደው ያህል ነው።»

መርማሪዋ ከመደርደሪያው አንድ ንጹሕ ጨርቅ አነሳች፤ ማሰሮ የሚያህል ማንቆርቆሪያ ውሃም ሞላች። «አባባ፣ ይቺን ጨርቅ ትናንት ያነሱትን ያህል እስክትከብድ ውሃ ያፍሱባት። ዓይንዎን ተዉት፤ እጅዎን ይመኑት።»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ጨርቁን በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ማፍሰስ ጀመሩ። ጥቂት አፈሰሱ፤ መዘኑ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጨመሩ። በቃ ሲሉ መርማሪዋ ጨርቁን በላስቲክ ከረጢት ከታ አፉን አሰረችው።

«ሌላስ የሚነግሩኝ አለ?»

ሽማግሌው ከወገባቸው የተንጠለጠለውን የኋላ በር ቁልፍ ዳሰስ አደረጉ። በሩ ከቀዶ ጥገናው ኮሪደር ወደ ማገገሚያው ክፍል የሚያስገባ ነው። «ልጅቷ ስታለቅስ ነበር» አሉ። «ከሕመም አይደለም፤ አደንዝዣታለሁ። ሰው የለኝም እያለች ነው። እኔ ደግሞ ሰው ብቻውን ሲያለቅስ አንጀቴ አይችልም።»

ይህን ብለው ፊታቸውን አዞሩ። መርማሪዋ ቁልፉንም፣ የዞረውን ፊትም ልብ ብላ ወጣች።

ዋና አዋላጇን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ነጭ ነገር የተቆለለበት ቦታ ሁሉ እትዬ አንሶላ ነበሩ። ወፍራም፣ ቀልጣፋ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ አልጋ ሲያዩ የሚያማቸው ሴት ናቸው።

«አዎ፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም» አሉ መርማሪዋ ሳትጠይቃቸው። «ዱሮ እዚህ ቤት እናቶች በደም ርሰው በሰው ፊት ይገፉ ነበር፣ ዶክተር። እንደ ዕቃ! ባል ያያል፣ ዘመድ ያያል፣ ጎብኚ ሁሉ ያያል። እኔ ከተሾምኩ ወዲህ እንደዚያ የተገፋች የለችም።»

መርማሪዋ ይህን የሴትዮዋን ኩራት ወደደችው፤ ስለወደደችውም የሚቀጥለው ጥያቄ ከበዳት። «ይህችኛዋንስ ነክተዋት ነበር?»

«ሕፃኗን ላስጠባ ወደ ማገገሚያው ክፍል ወርጄ ነበር። ሕፃን በእርጥብ አልጋ ላይ አይሰጥም፤ እናም ጨርቋን ቀየርኩላት። የክፍሉ ጨርቅ ሳሳ ብሎ ስለታየኝ ከቤት ይዛ የመጣችውን ፎጣ ነው ያነጠፍኩላት። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ጥሩ ፎጣ። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጌላት ጥቂት ጠባች፤ ከዚያ ወሰድኳት። በኋላ ደግሞ…» እትዬ አንሶላ የተቆለለውን ጨርቅ ጠርዝ አስተካከሉ። «ካረፈች በኋላም ያጠብኳት እኔው ነኝ። ባሏ እንደዚያ እንዳያያት ብዬ።»

«ሁለት ጊዜ ጨርቅ አንስተዋል ማለት ነው። ምን ያህል ረጥበው ነበር?»

«የተለመደውን ያህል ነው፣ ዶክተር። የወለደች ሴት አይደለች?»

እሳቸውም በተራቸው ሁለት ጨርቅ ላይ ውሃ አፈሰሱ። ሁለት ከረጢት ተጨመረ።

«ሲያጥቧት ከሥሯ የነበረው ሰማያዊው ፎጣ ነው?»

እትዬ አንሶላ አሰብ አደረጉ። «አይ… ነጭ ነበር። የእኛው ጨርቅ። ፎጣውን ነርሷ አንስታው ይሆናል።»

ነርሷ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ፣ የቤት ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ወደ ሥራ አትገባ፣ ወደ ቤት አትሄድ። የምትኖርባት አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፤ እዚያም የሚጠብቃት የለም። ትናንት እህት ዓለም ይሏት የነበሩ ባልደረቦቿ ዛሬ ሰላምታቸውን እንኳ ነፍገዋታል። አንዷ መጥታ ከመደርደሪያው ጫማዋን ስትወስድ ነርሷን እንደ ግድግዳ አልፋት ወጣች። መርማሪዋ ይህን ከበሩ ላይ ቆማ አየች።

አጠገቧ ተቀመጠች። «የሆነውን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ብቻዬን ነበርኩ፣ ዶክተር። አልጋው ሁሉ ሙሉ ነበር። የልብ ምቷ እየፈጠነ ሲሄድ ደነገጥኩ፤ ለሐኪሙ ደወልኩ። ደም አላት ወይ አለኝ። አንሶላውን ገለጥኩ። አየሁ። ነጭ፣ ደረቅ ጨርቅ ነበር። የለም አልኩት።»

«ነጭ? ሰማያዊ ፎጣ አይደለም?»

«የምን ሰማያዊ ፎጣ?»

«ሆዷንስ ዳበስሽ? ማህፀኗ ጠንክሮ ነበር?»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። «ዳበስኩ። ግን ስፌቱ እንዳያማት ብዬ አጥብቄ አልተጫንኩም። እሱ ጥፋቴ ነው። ማስታገሻውን ሰጥቻት ከወዲያ ጫፍ የሚያስመልሳት እናት ጋ ሄድኩ፤ መጋረጃ አለ መሀላችን። ስመለስ… ስመለስ በሕይወት አልነበረችም።»

«ከዚያ በፊትም ከአልጋዋ ርቀሽ ነበር?»

«ከመደወሌ ጥቂት ቀደም ብሎ። እዚያችው ሴትዮ ጋ።»

«መድኃኒቱንስ ማን ዘጋው?»

«እኔ» አለች ነርሷ ሳታመነታ። «ካረፈች በኋላ። ለሞተ ሰው መድኃኒት ሲንጠባጠብ ማየት አልቻልኩም።» ከዚያ መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ዶክተር፣ ማንም እንዳያምነኝ ለምጄዋለሁ። አሁን ግን እኔም ዓይኔን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። በእውነት ደረቅ ነበር እንዴ? ወይስ ስላልተመለከትኩ ነው?»

መርማሪዋ መልስ ሳትሰጣት ሄዳ የመድኃኒቱን ከረጢት አየች። ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ቀድሞ ቢዘጋ ኖሮ ግማሹ በቀረ ነበር። ነርሷ እውነቷን ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባልየው ቤት ሄደች። ግድግዳ ቀለም ቀቢ ነው። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ለሕፃኗ ብሎ ቢጫ መቀባት ጀምሮ ሦስተኛው ግድግዳ ላይ አቁሞታል። ብሩሹ ከነቀለሙ ደርቋል። ሕፃኗ ገና ሆስፒታል ናት፤ ሊያመጣት አልፈለገም፤ ምን እንደሚያደርጋትም አያውቅም። ግቢው ውስጥ በተወጠረው ገመድ ላይ የሕፃን ልብሶች ተሰጥተዋል፤ ከልብሶቹ ጫፍ ወፍራም ሰማያዊ ፎጣ።

መርማሪዋ ፎጣውን አየችው።

«የፈለጉትን ያህል ይመርምሩ፣ እናቴ» አላት ቀለም ቀቢው፤ ወንበር ሰጥቷት እሱ ቆመ። «እኔ የማውቀው እናት የላት፣ እህት የላት፣ ያለኋት እኔ ብቻ መሆኔን ነው። እኔን በር ላይ ገትረው እሷን ብቻዋን ጨረሷት። ያቺ ነርስ ካልታሰረች እንቅልፍ አልተኛም።»

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ አላየሃትም?»

«ማን ያስገባኛል? ክልክል ነው።» የደረቀውን ብሩሽ አነሳ። «ሕፃኗ ቁርጥ እሷን ናት። እሷ ግን ‹አንተን ነው የምትመስለው› ብላኝ…» አለና ሳይጨርስ ተወው።

መርማሪዋ እንዳልሰማች ሆነች። «ልብሱን አንተ ነህ ያጠብከው?»

«ትናንት። ወደ ቤት ስትመጣ ንጹሕ ሆኖ እንዲጠብቃት ብዬ። ውሃው አልጠራ ብሎኝ ደጋግሜ ነው ያጠብኩት። ሰጥቼ ሳልጨርስ ደወሉልኝ። ከዚያ ወዲህ ማውረድ አልሆነልኝም።»

የቀረ ጥያቄ ነበራት፤ አልጠየቀችም። እውነቱ ፊት ለፊቷ ተሰጥቷል፤ ይህ ሰው ግን ገና አላየውም። ነርሷን ለማዳን ይህን ሰው መጣል ይኖርባት ይሆን? ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። ያን ምሽት በማረፊያዋ ለአንድ ሰው የቀረበላትን እራት እንደነካካችው ተወችው። የሚያማክራት ሰው ቢኖር ብላ ተመኘች፤ ባሏን ማለቷ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በማገገሚያው ክፍል፣ ሟቿ በተኛችበት ባዶ አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ቀዶ ሐኪሙ፣ አባባ እንቅልፍ፣ እትዬ አንሶላና ነርሷ ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ «ጥፋተኛዋ ስትቀጣ ዓይኑ እንዲያይ» ብሎ ቀለም ቀቢውን አምጥቶታል። አልጋው ላይ ሰፊ ሳፋ፣ ከሳፋው አጠገብ ሦስት የታሰሩ ከረጢቶችና ውሃ የተሞላው ማንቆርቆሪያ ተቀምጠዋል።

«አንዲት ሴት ደሟ አልቆ ሞታለች» አለች መርማሪዋ። «ደሙን ግን ያየ የለም። ቀዶ ጥገናው ውስጥ አልፈሰሰም፤ ተለክቷል፤ ተመዝኗል። ሆዷ ውስጥ አልተጠራቀመም፤ ታይቷል። መድኃኒቱ አልተቋረጠባትም፤ ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል ነው የተዘጋው። መድኃኒት ይረዳል እንጂ ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ ማህፀኗ ቀስ በቀስ ላልቶ ደሙ ወደ ውጭ፣ ከሥሯ ወዳለው ጨርቅ ይወርድ ነበር። ጨርቁ ግን በታየ ቁጥር ደረቅ ነው። ለምን?»

የመጀመሪያውን ከረጢት ፈታች።

«አባባ፣ ይቺ ያነሱትን ጨርቅ ያህል እስክትከብድ ውሃ ያፈሰሱባት ናት።» የመጀመሪያውን ጨርቅ ሳፋው ላይ ጨመቀችው። «ምን ያህል ነው ብለውኝ ነበር?»

«የተለመደው ያህል» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«እትዬ፣ እነዚህ የእርስዎ ናቸው።» ሁለተኛውን ጨመቀች፤ ሦስተኛውን ጨመቀች። «እነዚህስ?»

እትዬ አንሶላ ሳፋውን እያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አንዳችሁም አልዋሻችሁኝም» አለች መርማሪዋ። «እያንዳንዳችሁ ያያችሁት የተለመደውን ነው። ግን እያንዳንዳችሁ አጽድታችሁ አስረከባችሁ። ተረካቢው ደግሞ ደረቅ ጨርቅ አየና ገና ምንም አልፈሰሰም አለ። በዚህ ቤት ደሙን በሙሉ ያየ አንድም ዓይን አልነበረም። እናትን ማጽዳት ነውር አይደለም፤ ያነሳችሁትን ሳትመዝኑ መጣል ግን ይኸው ምን እንደሚያደርግ አያችሁ።»

ቀዶ ሐኪሙ ሳፋው ላይ አጎነበሰ። እጁን ውሃው ውስጥ ከትቶ ጥልቀቱን ለካ። የሙያ ሰው ነውና ዝም ማለት አልቻለም። «ዶክተር፣ ይህ ብዙ ነው። ግን አይገድልም። ይህን ያህል ደም ያጣች እናት በሕይወት ትተርፋለች።»

«ልክ ነህ። አንድ ጨርቅ ይጎድላል።» መርማሪዋ ዓይኖቿን ከሳፋው አልነቀለችም። «እትዬ ያነጠፉት ሰማያዊ ወፍራም ፎጣ ነው። ነርሷ ስትገልጥ ያየችው ደግሞ ነጭ ደረቅ ጨርቅ። በሁለቱ መሀል አንድ ሰው ፎጣውን አንስቶ ነጩን ተክቷል። ያ ሰው ክፉ አላሰበም። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መናገር ግን አልፈልግም። ነርሷ እውነቷን እንደተናገረች መስክሬያለሁ፤ ያ ይበቃል።»

«ኧረ አይበቃም!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ፎጣውን ያነሳችው ራሷ ትሆናለች! እዚህ ክፍል ከእሷ ሌላ ማን ነበር? ደሙን ደብቃ ነው። ስም ካልተጠራ ጉዳዩ በእሷ ስም ይሄዳል፤ ፖሊሶቹ ታች ቆመዋል።»

ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ለመከራከር የቀራት ጉልበት አልነበረም። አባባ እንቅልፍ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ፤ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ግን ቀለም ቀቢው ተናገረ።

«ሰማያዊ ነው ያላችሁት?»

ድምፁ ሩቅ ካለ ሰው የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ፎጣው እኔ ቤት ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት። በኋላ በር ገብቼ ነበር፤ እንዴት እንደገባሁ አትጠይቁኝ።»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አሉ አባባ እንቅልፍ። «እኔ ነኝ። ስታለቅስ አልቻልኩም።»

ቀለም ቀቢው የሰማቸው አይመስልም። ወደ ነርሷ ዞሮ ነበር። «አንቺ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርሽ። እሷ አፈረች። ‹የሰው አልጋ አበላሸሁ፤ ከሥሬ ሁሉ ርሷል› አለችኝ። ማንንም አትጥራ አለችኝ። ከመደርደሪያው ጨርቅ አንስቼ ቀየርኩላት። ፎጣውን በላስቲክ ጠቅልዬ ወሰድኩት። የወለደች ሴት ትደማለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የተለመደ መስሎኝ…»

አቋረጠ። አልጋው ላይ ያለውን ሳፋ አየ፤ ማንቆርቆሪያውን አየ። ማንም ሳይነግረው ሄዶ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ፎጣ አወረደ። በግራ መዳፉ ላይ ዘርግቶ በቀኙ ውሃ ያፈስበት ጀመር።

«ተወው፣ ልጄ» አለች መርማሪዋ። «ግድ የለም።»

አልተወም። አፈሰሰ። ፎጣው ጠጣ። መዘነው፤ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደገና አፈሰሰ። ማንቆርቆሪያው አለቀ። ቀለም ቀቢው ባዶውን ማንቆርቆሪያ ወደ እነሱ ዘረጋ።

«ጨምሩልኝ» አለ። «ገና ነው።»

ከቦታው የተንቀሳቀሰ የለም። ከዚያ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ውሃው ከፎጣው እየወረደ ሱሪውን አራሰው። እትዬ አንሶላ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ «እኔ ነበርኩ መውረድ የነበረብኝ» አለ፤ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ደጋግሞ።

መርማሪዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ፖሊሶቹን አሰናብታቸው። ይህን ሰውዬ የሚከስ ቢኖር መጀመሪያ እኔን ያነጋግራል። ቤት ሙሉ ሐኪም ያልነገረውን ነገር አንድ ቀለም ቀቢ ከየት ይወቀው? ከዛሬ ጀምሮ ከእናት ሥር የተነሳ ጨርቅ ሁሉ ሳይመዘን ከአልጋዋ አይርቅም፤ ነርስም ለዚህ ሁሉ አልጋ ብቻዋን አትቆምም። አሁን ውጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ሳያይ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

ነርሷ ግን አልወጣችም። ልትወጣ እንደምትችል የገባት ገና አሁን ነበር፤ ነጻ ናት፤ ዓይኗም አልዋሻትም። መጥታ ከቀለም ቀቢው እጅ እርጥቡን ፎጣ ወሰደችና ሳፋው ውስጥ አስቀመጠችው።

«ላሳስርሽ ነበር» አላት ቀና ሳይል። «ምን ብዬ ይቅር በይኝ ልበልሽ?»

«ሁላችንም አንድ ነገር ነው ያደረግነው» አለች። «ይድላት ብለን ነው።»

«ስወጣ እጄን ይዛ በረደኝ አለችኝ» አለ ቀለም ቀቢው። «ምን አልኳት መሰለሽ? ‹አሁን ደረቅ ላይ ነው የተኛሽው፤ ትንሽ ቆይተሽ ይሞቅሻል› አልኳት።»

ነርሷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ከክፍሉ ጫፍ አንዲት እናት እስክትጠራት ድረስም አልተነሳችም።